«አንደኛ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»፦ ክፍሏ ስለቀለላት ልጅ ለአንዲት የድሬዳዋ እናት የተሰጠ ምላሽ

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፉልን እናት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ትማራለች። ፊደል የለየችው በአራት ዓመቷ፣ ታላቅ ወንድሟ ሲያጠና አጠገቡ ተቀምጣ ነው፤ አሁን የእሱን የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ለራሷ ደስታ እየሠራች ነው። በክፍል ውስጥ የተሰጣትን ቀድማ ስለምትጨርስ መምህሯ የጓደኞቿን ደብተር እንድታርም ወይም ማስታወሻ በሰሌዳ ላይ እንድትገለብጥ ያደርጓታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች፣ በፈተናም አውቃ መሳሳት ጀምራለች። እናት ለትምህርት ቤቱ ሲያመለክቱ «ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ተባሉ። አባት «ደብል ትምታ» ይላሉ፤ አያት ደግሞ ነገሩ በተወራ ቁጥር ልጅቱ ለዓይን እንዳትጋለጥ ይሰጋሉ። «ምን እናድርግ?» ነው ጥያቄው።

የትምህርት ቤቱ መልስ በአብዛኛው ክፉ ሐሳብ ያለበት አይደለም፤ ነገር ግን አንደኛ መውጣት የሚናገረው ስለ ክፍሉ እንጂ ስለ ልጅቱ አይደለም። ልጅዎ ከመቶ መቶ ስታመጣ የታወቀው በሦስተኛ ክፍል የሚጠየቀውን ማወቋ ብቻ ነው፤ ያወቀችው በዚህ ሳምንት ይሁን ከሁለት ዓመት በፊት፣ እውቀቷም የት ላይ እንደሚቆም፣ ውጤቱ አይናገርም። እንዲያውም በሥራዬ ከማገኛቸው ልዩ ተሰጥኦ ካላቸው ልጆች ብዙዎቹ አንደኛ አይወጡም። አንዳንዶቹ የቤት ሥራ ስለሚሰለቻቸው፣ አንዳንዶቹም እንደ ልጅዎ ሆን ብለው ስለሚሳሳቱ በደረጃ ሰባተኛ ወይም አሥረኛ ሆነው ይታያሉ። በአሜሪካ በእነዚህ ልጆች ላይ ቀድመው ካጠኑት አንዷ የሆኑት ሌታ ሆሊንግዎርዝ፣ በብልህነት መለኪያ (አይኪው) ፈተና 140 ያመጣ ልጅ በመደበኛ ክፍል ውስጥ ግማሽ ጊዜው እንደሚባክን፣ ከ170 በላይ ያመጣ ደግሞ ሙሉ ጊዜው ለማለት በሚቻል ደረጃ እንደሚባክን ከሰማንያ ዓመት በፊት ጽፈዋል። የልጅዎ ችግር በእኔ እይታ ይኸው ነው፤ የተጨማሪ ሥራ ማነስ ሳይሆን፣ የምታውቀውን እንደገና በመማር የሚያልቀው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው እንዲጨመርላት ሳይሆን እንዲተካላት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለመተካት ግን የምታውቀውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ «የአይኪው ፈተና የት ይሰጣል?» ብለው ይጠይቁኛል። እነዚያ ፈተናዎች የተመጣጠኑት በሌላ አገር ልጆችና በሌላ ቋንቋ በመሆኑ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከአያቷ ጋር ኦሮምኛ፣ በሰፈር ደግሞ ሶማልኛ የምትናገር የድሬዳዋ ልጅ ላይ የሚሰጡት ቁጥር ብዙ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ቁጥሩ ቢገኝም እንኳ ለመምህሯ ሰኞ ጠዋት ምን እንደምታስተምር አይነግራትም። ይልቅ ከክፍሏ በላይ ባለ ሥራ መፈተን ርካሽም ጠቃሚም ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 የሒሳብ ተሰጥኦ ያላቸውን ታዳጊዎች ማጥናት ሲጀምሩ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን ለ17 እና ለ18 ዓመት ወጣቶች በተዘጋጀው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ፈተኗቸው፤ በራሳቸው ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት አምጥተው እኩል ይመስሉ የነበሩት ልጆች በዚያኛው ላይ እጅግ ተራርቀው ተገኙ።

እርስዎም በቤትዎ እንዲህ ያድርጉ። የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል የተማሪ መጽሐፍ ያግኙ፤ የስድስተኛው ከወንድሟ አለ። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ካለው የማጠቃለያ መልመጃ ጥቂት ጥቂት ጥያቄ መርጠው፣ ፈተና ሳያስመስሉ፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ያሠሯት። 85 ከመቶ ያህል ከሠራች ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ፤ ግማሹን ያህል መሳት በጀመረችበት ያቁሙ። ትምህርት የሚያስፈልጋት በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ባለው ቦታ ነው። ሒሳብን ለብቻ፣ አማርኛ ንባብን ለብቻ፣ እንግሊዝኛን ለብቻ ይመዝግቡ፤ በሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የሆነች በእንግሊዝኛ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ብትሆን የሚያስገርም አይደለም። ትምህርት ቤቷ ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ የሳተችውን ጥያቄ በአማርኛ ደግመው ይጠይቋት፤ ያቃታት ሒሳቡ ይሁን የጥያቄው ቋንቋ መለየት አለበት። መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሰችበት የነገረችዎትንም በራሷ ቃል ይጻፉ። ወንድሟ ያስተማራትን ደንብ በቃሏ የያዘች ልጅና ደንቡ ለምን እንደሚሠራ የገባት ልጅ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የተለያየ ነው።

ይህን መዝገብ ይዘው ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄዱት። «ልጄ በጣም ጎበዝ ናት» የሚል ወላጅ በየዓመቱ ብዙ ስለሚመጣ መምህራን ጆሯቸው ደንድኗል፤ «የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ምዕራፍ 5 ገና አልተጀመረም፣ እሷ ግን ከማጠቃለያው 20 ጥያቄ 19ኙን ሠርታለች፣ ይኸው በእጅ ጽሑፏ» የሚል ግን ጥቂት ነው። መጀመሪያ የክፍል ኃላፊዋን ብቻ ያነጋግሩ፤ ዩኒት ሊደሩንና ርዕሰ መምህሩን ከእሷ በፊት ማነጋገር ክስ ይመስላል፣ በየቀኑ ከልጅዎ ጋር የምትውለው ደግሞ እሷ ናት።

የሚጠይቁት ነገር ለመምህሯ ተጨማሪ ድካም የማይሆን መሆን አለበት። በአንድ ክፍል ሃምሳና ከዚያ በላይ ልጅ የያዘች መምህር ለአንዲት ልጅ የተለየ ዕቅድ አውጪ ብትባል፣ ብትስማማም በሁለተኛው ሳምንት ትተወዋለች። ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ያለ ስምምነት ነው። አዲስ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት ልጅቱ የምዕራፉን የማጠቃለያ መልመጃ ትሠራለች። 85 ከመቶና ከዚያ በላይ ካመጣች፣ መምህሯ ያንን ምዕራፍ ስታስተምር እሷ በቦታዋ ተቀምጣ በተለየ ደብተር የራሷን ሥራ ትሠራለች፤ ያልሠራቻቸው ጥያቄዎች የሚነሱበት ቀን ግን ከክፍሉ ጋር ትከታተላለች። የምዕራፉን ፈተና ከሁሉም ጋር ትፈተናለች፤ ማርኳ እንደ ማንኛውም ተማሪ ይመዘገባል። የተለየውን ደብተር የሚያዘጋጁት እርስዎና ወንድሟ ናችሁ፤ መምህሯ በሳምንት አንዴ አይታ ትፈርማለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አሠራር በሰፊው ፈትነውት ነበር፤ መምህራኑ ለእነዚህ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ከ40 እስከ 50 ከመቶ የሚሆነውን ቢያስቀሩም የልጆቹ የፈተና ውጤት ዝቅ አላለም። መምህሯ «ወደኋላ ብትቀርስ?» ካሉ ይህን ይንገሯቸው።

በስምምነቱ ውስጥ እንዲቀሩ በግልጽ መጠቀስ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የሌሎችን ደብተር ማረም፣ ማስታወሻ መገልበጥና ከዚያው ዓይነት ተጨማሪ ጥያቄ መሥራት ለልጅቱ ትምህርት አይደሉም። የመጀመሪያው ጓደኞቿን ያርቅባታል፤ በስምንት ዓመቷ የእኩዮቿን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ የምታከብ ልጅ በእረፍት ሰዓት ማን እንደሚያጫውታት መገመት አያዳግትም። አውቃ መሳሳት የጀመረችውም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ አራሚነቱ የሚቀረው አንደኛ መሆኗ ሲቀር መሆኑን ደርሳበት ይሆናል። ሦስተኛው፣ ሃያ ጥያቄ ለጨረሰች ልጅ ሌላ ሃያ መስጠት፣ ቶሎ በመጨረሷ መቅጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቶሎ አትጨርስም።

ታዲያ በተለየው ደብተር ምን ይጻፍ? እዚህ ላይ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ ይሰጣሉ። እሱም መንገድ ነው፤ ግን በሦስት ወር ያልቅና ችግሩ በሚቀጥለው ዓመት ብሶ ይመጣል። እኔ የማስቀድመው ጠለቅ ያለውን ነው። ለምሳሌ ተከታታይ ቁጥሮችን በመደመር ሊገኙ የሚችሉት ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው? 9 የ4 እና የ5 ድምር ነው፣ 15 የ4፣ የ5 እና የ6 ድምር ነው፤ 8 ግን እንዴትም አይገኝም፣ 16ም እንዲሁ። የማይገኙት ምን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ? ለምን? ይህን የምትጠይቅ ልጅ የምትፈልገው ከሦስተኛ ክፍል ያልዘለለ መደመር ብቻ ሲሆን፣ ሐሳቡ ግን ለሳምንታት ያቆያታል። ሌላው በግዕዝ ቁጥር ማባዛት ነው። የግዕዝ አኃዝ ለአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ለአሥር እስከ ዘጠና፣ ለመቶና ለዐሥር ሺሕ ምልክት አለው፤ ለዜሮ ግን የለውም። ፳፭ን በ፲፬ ወደ ሌላው አኃዝ ሳትቀይር እንድታባዛ ቢሰጣት፣ ዜሮና የቦታ ዋጋ ምን ሥራ እንደሚሠሩ ማንም ሳይነግራት ታገኘዋለች።

ከሒሳብ ውጭ ድሬዳዋ ራሷ ብዙ ጥያቄ አላት። ሐረር ሄዳ የምታውቅ ከሆነ ለምን እዚያ እንደሚቀዘቅዝ ትጠይቅ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ናቸው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ ስንት ዲግሪ መሆን አለበት? ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሁለቱን ከተሞች ሙቀት ከስልክዎ ላይ ትመዝግብና ታወዳድር፤ ካልገጠመ ለምን አልገጠመም? ባቡሩም አለ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ የአዲሱ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንዱ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር በሌላው ለምን አይሄድም፣ ስፋቱ መጨመሩስ ምን ይጠቅማል? ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ የደቻቱ አሸዋስ፣ ከተማው ላይ ዝናብ ሳይጥል ለምን በጎርፍ ይሞላል? በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የጎርፍ አደጋ የሚያስታውስ አዋቂ በየሰፈሩ አለ፤ ጠይቃ፣ ጽፋ፣ ከላይ ያለውን የደጋውን መሬት በካርታ አይታ ትመልስ። እንዲህ ያለው ሥራ ንባብንም ጽሕፈትንም ስለሚያስከትል በሒሳብ ብቻ ከፍ ብላ ሌላው ወደኋላ እንዳይቀር ይረዳል። ኢንተርኔት ካለ ካን አካዳሚን የመሰለ ነጻ መማሪያ ይጠቅማል፤ ከማያ ገጽ በፊት ግን ደብተርና እርሳስ ይቅደም የሚል አቋም አለኝ።

ወደ አባቷ ሐሳብ ልምጣ። ክፍል መዝለል በእኛ አገር የቆየ ልማድ ቢሆንም ዛሬ ብዙ ርዕሰ መምህራን ይፈሩታል፤ ልጁ ከእኩዮቹ ተለይቶ ይጎዳል ይላሉ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ሲጠቃለሉ የሚያሳዩት፣ በአግባቡ ተመዝነው ክፍል የዘለሉ ልጆች በትምህርት ከአዲሶቹ ክፍል ጓደኞቻቸው እኩል ወይም በላይ እንደሚሆኑ፣ በማኅበራዊ ኑሯቸውም በአማካይ እንደማይጎዱ ነው። ስለዚህ አባት የተሳሳተ ነገር አልጠየቁም። የእርስዎን ልጅ በተመለከተ ግን በዚህ ዓመት አልመክረውም። በጻፉት መሠረት ከፍ ያለችው በሒሳብና በአማርኛ ንባብ ነው፤ እንግሊዝኛዋ የክፍሏን ያህል መሆኑን እርስዎ ራስዎ ጠቅሰዋል፣ በሚቀጥሉት ክፍሎች ደግሞ ብዙው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ከሆነ መዝለሉ ጠንካራ ጎኗን ሳይሆን ደካማ ጎኗን ያጋልጣል። ከዚህ በተጨማሪ በስምንት ዓመቷ ሦስተኛ ክፍል መሆኗ ቀድሞውንም ከታናናሾቹ አንዷ አድርጓታል።

ለእሷ የሚሻለው በአንድ ትምህርት ብቻ ከፍ ማለት ነው፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ገብታ ተምራ መመለስ። ይህ የሚቻለው የሁለቱ ክፍሎች የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲገጥም ነው፤ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራና ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ፈረቃ ከሆኑ አይሆንም፣ በዚያን ጊዜ የተለየው ደብተር ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ እንግሊዝኛዋ ከፍ ካለና እሷ ራሷ ከፈለገች ሙሉ ክፍል መዝለልን እንደገና ማንሳት ይቻላል። ያኔም ቢሆን ከአንድ ክፍል አይበልጥ፤ የሚቀበላት መምህር የሚስማማ ይሁን፤ ዓመቱ ሲጀመር እንጂ በመሐል አይሁን፤ ውሳኔውም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሰጥ። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች፣ ከዚያም የ12ኛው ብሔራዊ ፈተና ሲመጡ የየዓመቱ ካርድ ሊጠየቅ ይችላል፤ በማኅደሯ ውስጥ የሌለ አንድ ዓመት ያለ ማስረጃ ከቀረ ያን ጊዜ ማስረዳቱ ከባድ ነው።

መምህሯ ካልተስማሙ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎም በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል መሄድ ይቻላል። የምትለምኑት ውለታ እንዳልሆነ ለማስረዳት፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ማስቀመጡን መጥቀስ ይችላሉ። ፖሊሲው ከዚያ ወዲህ ቢከለስም፣ እነዚህን ልጆች መደገፍ የመንግሥት ሐሳብ ሆኖ ሠላሳ ዓመት እንዳለፈው ያሳያል። የድሬዳዋ ትምህርት ቢሮ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያን ማነጋገርም አይክፋዎት፤ ከጉዳዩ ስም የተነሣ የሚሠሩት ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ብቻ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ።

ጠዋት የሚመጣውን የሆድ ሕመም ግን ከትምህርት ጋር ብቻ አያያይዙት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና ሰገራዋ ይመርመር፤ በድሬዳዋ ሙቀትና ውሃ የሆድ ትላትልና ጃርዲያ የተለመዱ ናቸው። በዚያው ዓይኗም ይታይ። ሕመሙ ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ፣ እሑድ ማታ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ከትምህርት ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ያን ጊዜም መሰላቸት ብቻ ነው ከማለትዎ በፊት የሚመታት ወይም የሚሰድባት ሰው እንዳለ ረጋ ብለው ይጠይቋት።

አውቃ ስለመሳሳቷም ማርኳን ዘርግተው አያፋጧት። «ይህን ጥያቄ ቤት ስትሠሪው አይቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ ምን ሆነ?» ማለት ይበቃል። ምስጋናውን በሚመለከት፣ ሙለርና ድዌክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ይታወሳል። «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች «ጥረህ ሠራህ» ከተባሉት ይልቅ ቀላሉን ሥራ መረጡ፣ ከባድ ሲገጥማቸውም ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ልጅዎ እስካሁን የሚያታግላት ነገር አልገጠማትም፤ ሲገጥማት ብልህነቴ አለቀ ብላ እንዳታስብ፣ የሠራችበትን መንገድ ያመስግኑላት።

የአያቷን ስጋት በተመለከተ ከእሳቸው ጋር መከራከር አያስፈልግም፤ በተግባር የሚሉት ትክክል ነው። ልጅቱን በእንግዳ ፊት «እስኪ ይህን አባዢ» እያሉ ማቆም፣ በለቅሶና በሠርግ ስሟን ማንሳት፣ ለእሷ ሸክም ለሌሎች ልጆችም ነቀፋ ነው። ጉዳዩን የሚያውቁት መምህሯ፣ እናንተና ወንድሟ ብትሆኑ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ የምትፈልገው የምትጫወትበትን ነገር የሚረዳ አንድ ልጅ ነው። በዕድሜ ከፍ ያለ ዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለታዳጊዎች የሚሆን የሳይንስ መርሐ ግብር በክረምት ወይም በቅዳሜ እንዳላቸው መጠየቅ ይቻላል፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ባይሆን እንኳ ለወንድሟ ከሆነ እሷን ይዞ ይሄዳል። ቀትር ላይ ግን ትተኛ፤ በዚያ ሙቀት አስጠኚ የሚቀጥሩ ወላጆች አሉ፣ ይህን አልደግፍም።

ትምህርት ቤት ስለመቀየር ጽፈው ነበር፤ አይቸኩሉ። ክፍያው የበዛ ትምህርት ቤት ክፍሉን ያሳንስ ይሆናል እንጂ የምታውቀውን እንደገና ማስተማሩን ላያስቀር ይችላል። የተስማማችሁበትን አሠራር እስከ አንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ ድረስ ይሞክሩት፤ ደብተሩ መፈረሙን፣ አራሚነቱ መቅረቱን፣ የሆድ ሕመሙ መቀነሱን ይመልከቱ። ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሌሎች ትምህርት ቤቶችን ይዙሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ምዕራፉ ሳይጀመር የምታውቀው ልጅ ብትገጥማችሁ፣ በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን ታደርጋለች?» «ጎበዞችን እንሸልማለን» የሚሉትን ይተዉ፤ ስለዚያ ክፍለ ጊዜ ተጨባጭ ነገር የሚነግርዎትን ርዕሰ መምህር ካገኙ፣ ልጅዎን ይዘው ሄደው ክፍሉን ያሳይዋት።